ደመወዝ ወይስ ሥራ? አየር መንገድ ሲዳከም ማኅበሩ ፊት የሚቀርቡ አማራጮች ሲነጻጸሩ

የኅብረት ስምምነቱ ሊታደስ ጥቂት ወራት ቀርተዋል። የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ የሚጠይቀውን የደመወዝ ጭማሪ አስልቶ ጨርሷል። በዚህ መሀል ገበያው ይቀዘቅዛል። አውሮፕላኖች ግማሽ ባዶ ይበራሉ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ይመጣል፦ ወይ ደመወዝ ይቀነስ፣ ወይ ሰው ይቀነስ።

ነገሩ ለምን ሁልጊዜ ሠራተኛው ላይ ይመጣል? የአየር መንገድ ሁለቱ ትልልቅ ወጪዎች ነዳጅና የሰው ኃይል ናቸው። የነዳጅ ዋጋ በሥራ አስኪያጁ እጅ አይደለም። የአውሮፕላን ኪራይ ደግሞ ለዓመታት በውል የታሰረ ነው። ቶሎ ሊነካው የሚችለው ደመወዝ ነው።

ደብዳቤው ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም። ጭማሪውን ይዞ መቆም አለ፣ አድማ አለ፣ የሚመለስ ቅነሳ አለ፣ ሰዓት መቀነስ አለ፣ በፈቃድ መውጣት አለ፣ ደመወዝ ሰጥቶ አክሲዮን መቀበልም አለ። ሁሉም በተለያየ አገር ተሞክረዋል። ገለልተኛ ነኝ አልልም። አንዳንዶቹን አልወዳቸውም፤ ምክንያቴን ከየቦታው ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕመሙን መለየት

የአየር መንገድ ድክመት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሁሉንም እኩል የሚመታ ድንገተኛ ነገር ነው። በ2020 የዓለም የመንገደኞች ጉዞ ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በ65.9 በመቶ ወርዷል። ጎበዝ አስተዳደርም ሰነፍ አስተዳደርም እኩል ተመታ። እንዲህ ያለው ይመለሳል፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተለመደው መውጣትና መውረድ ነው። ነዳጅ ይወደዳል፣ ኢኮኖሚው ይቀዘቅዛል፣ አንድ ሁለት ዓመት ይጨንቃል፣ ከዚያ ይለቃል።

ሦስተኛው ግን ከባድ ነው። ጎረቤት አየር መንገድ በዚያው መስመር እያተረፈ የናንተ ብቻ ይከስራል። ይህ የገበያ ጉዳይ አይደለም። ድርጅቱ ራሱ ታሟል።

ሕመሙን ለመለየት ከትርፍና ኪሳራው በፊት ጥሬ ገንዘቡን ጠይቁ። አየር መንገድ ከስሮ ለዓመታት ሊበር ይችላል፤ የሚቆመው ለነዳጅ የሚከፍለው ሲያጣ ነው። በእጅ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል? የታዘዙት አዳዲስ አውሮፕላኖች ተሰርዘዋል ወይስ ርክክቡ ብቻ ነው የተገፋው? ርክክብ የሚገፋ ሰው ገበያው ይመለሳል ብሎ ያስባል። ለናንተ «ሁሉም አበቃለት» እያለ ለአምራቹ «ትንሽ ቆዩኝ» የሚል ከሆነ፣ ያ በድርድር ላይ የሚነሳ ነጥብ ነው።

መዝገቡን የራሳችሁ የሒሳብ ባለሙያ ይየው። ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሙ፣ ችግር የለውም። መዝገብ ሳያሳይ ቅነሳ ከሚጠይቅ አስተዳደር ጋር ግን ስለ ቁጥር መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

ጭማሪውን ይዞ መቆም፣ ከዚያም አድማ

የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ታሪክ ለዚህ ርዕስ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ድርጅቱ ከ2011 ወዲህ ትርፍ አላየም ነበር። በ2019 ኑምሳ እና ሳካ የተባሉት ማኅበራት 8 በመቶ ጭማሪ ጠየቁ። አስተዳደሩ 5.9 በመቶ አለ። በዚያው ሰሞን እስከ 944 ሠራተኞችን ሊነካ የሚችል ቅነሳ ማሰቡንም አስታወቀ። ኖቬምበር 15 አድማው ተጀመረ፤ በረራ በጅምላ ተሰረዘ። ድርጅቱ በቀን 50 ሚሊዮን ራንድ እንደሚያጣ ተናገረ። ከሳምንት በኋላ በ5.9 በመቶ ተስማሙ፤ እሱም ገንዘብ ከተገኘ በሚል ቅድመ ሁኔታ። ዲሴምበር 5 ድርጅቱ ከአበዳሪዎች የሚከልለው የሕግ ሂደት ውስጥ ገባ። ወደ 5,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው። በሴፕቴምበር 2021 እንደገና መብረር ሲጀምር የቀረው 1,000 ገደማ ነበር።

አድማው ገደለው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያ ድርጅት ለዓመታት በመንግሥት ገንዘብ ሲተነፍስ የኖረ ነው። ግን አድማው ለማኅበሩ ምን አስገኘ? ከአድማው በፊት ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ያንኑ 5.9 በመቶ።

በደህና ጊዜ አድማ ጉልበት የሚኖረው አውሮፕላኑ ሙሉ ስለሆነ ነው። አንድ ቀን መቆም ባለቤቱን ያመዋል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን እያንዳንዱ በረራ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ በረራ ሲቆም ነዳጅና የማረፊያ ክፍያም አብሮ ይቆማል። ማኅበሩ የያዘው በትር ያኔ ይቀላል። አስተዳደሩም ይህን በደንብ ያውቃል። አንዳንዴ እንዲያውም አድማውን ይጠብቀዋል።

የአሜሪካው ኖርዝዌስት እንደዚያ አድርጓል። በ2005 ከ4,400 ገደማ ቴክኒሻኖቹ ግማሽ ያህሉን ሊያሰናብት፣ የቀሩትንም ደመወዝ በ25 በመቶ ሊቀንስ ጠየቀ። ማኅበሩ ኦገስት 20 አድማ ወጣ። ድርጅቱ ግን አስቀድሞ ተተኪ ሠራተኞች አሠልጥኖ ጨርሶ ነበር። አብራሪዎቹና ሌሎቹ ማኅበራትም የአድማውን መስመር አልፈው ሥራ ገቡ። በሴፕቴምበር ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ከአበዳሪዎች የሚከልል የፍርድ ቤት ሂደት ጠየቀ። አድማው በይፋ ያለቀው በ2006 መጨረሻ ነው፤ አብዛኛው ቴክኒሻን ወደ ሥራው አልተመለሰም። እዚህ ላይ ቴክኒሻኖቹን አልወቅስም፤ የቀረበላቸው ነገር የሚቀበሉት አልነበረም። የጎደላቸው የሌሎቹ ማኅበራት ድጋፍ ነው። አብራሪና የበረራ አስተናጋጅ አብሮ የማይቆም ከሆነ፣ የአንድ ክፍል አድማ በገበያ ድክመት ወቅት ብቻውን አይዘልቅም።

አብሮ መቆምም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በ1989 ኢስተርን አየር መንገድ ላይ ቴክኒሻኖቹ አድማ ሲወጡ አብራሪዎቹም አስተናጋጆቹም ተከትለዋቸዋል። ድርጅቱ በጃንዋሪ 1991 ጨርሶ ተዘጋ።

እንቢ ማለት የሠራበት ጊዜስ የለም? አለ። በ2020 መጨረሻ የአሜሪካው ሳውዝዌስት ከማኅበራቱ 10 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ጠየቀ፤ ካልሆነ በታሪኩ አድርጎት የማያውቀውን የግዴታ የሰው ቅነሳ እንደሚያደርግ አስጠነቀቀ። ማኅበራቱ እንቢ አሉ። በዲሴምበር የአሜሪካ መንግሥት የደመወዝ ድጎማውን ሲያራዝም ድርጅቱ ጥያቄውንም ማስጠንቀቂያውንም ሰበሰበ። ጣሊያን ውስጥም በኤፕሪል 2017 የአሊታሊያ ሠራተኞች የደመወዝና የሰው ቅነሳ ያለበትን ዕቅድ በ67 በመቶ ድምፅ ጣሉት። ድርጅቱ በመንግሥት ብድር ከአራት ዓመት በላይ ሲበር ቆይቶ በኦክቶበር 2021 ተዘጋ። በቦታው የተተካው ኢታ ሲጀምር የያዘው 2,800 ያህል ሰው ነበር፤ አሊታሊያ ከ10,000 በላይ ነበረው።

በሁለቱም ቦታ ጊዜ የገዛላቸው የመንግሥት ካዝና ነው። ስለዚህ እንቢ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ድርጅቱ ሲወድቅ የሚደግፈው አካል አለ? ካለ፣ ለመቼ? ከሌለ እንቢታው በባዶ ሜዳ ላይ ነው።

የደመወዝ ቅነሳ፦ ተመላሹና ተመላሽ ያልሆነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያሰላው ሒሳብ አለ። 1,000 ሠራተኛ አለ እንበል፣ አማካይ ደመወዛቸው 100። ድርጅቱ ከደመወዝ ወጪው 10 በመቶ፣ ማለትም 10,000 መቀነስ ይፈልጋል። ሁሉም 10 በመቶ ቢቀነስባቸው ሒሳቡ ይዘጋል። በስንብት ከሆነ ግን ብዙ ቦታ ቀድሞ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው። የእሱ ደመወዝ ከአማካዩ በታች ነው፤ 60 እንበል። 10,000ን ለ60 አካፍሉት። 167 ሰው ይወጣል። የመቶ ሰው ደመወዝ ለማትረፍ 167 ሰው! በዚያ ላይ የስንብት ክፍያ አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ቁጠባውን ይበላዋል። ይህን ሠንጠረዥ ራሳችሁ ሠርታችሁ ወደ ድርድሩ ግቡ። ቅነሳን ከስንብት ጋር የሚያወዳድር ሰው ሁሉ ሊያየው ይገባል።

በ2020 ብሪቲሽ ኤርዌይስ 1,255 አብራሪዎች ትርፍ ናቸው ብሎ ነበር። ማኅበራቸው ባልፓ ተደራደረ። ስምምነቱ ደመወዙ በ20 በመቶ እንዲቀንስ፣ ቅነሳው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 8 በመቶ እንዲወርድ፣ ኋላም ጨርሶ እንዲቀር ነበር። የግዴታ ስንብቱ ወደ 270 ወረደ። አባላቱ በ85 በመቶ ድምፅ ተቀበሉት። ራያንኤር ላይም በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አብራሪዎች 20 በመቶ ቅነሳ ተቀብለው፣ ደመወዙ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲመለስ ተስማሙ።

ሁለቱም ውሎች መመለሻ አላቸው። ይህ ሁሉንም ይለውጠዋል። መመለሻ የሌለው ቅነሳ ስጦታ ነው፤ ሰጪው ደግሞ ምስጋና እንኳ አያገኝም።

ግን መመለሻው በምን ይታሰር? በቀን ይሁን። «ድርጅቱ ሲያተርፍ» የሚል ሐረግ ካያችሁ አትፈርሙ። ትርፍን የሚያሰላው ማን ሆነና? በሒሳብ አያያዝ ትርፍ ለዓመታት ሊገፋ ይችላል። ቀኑ ሲደርስ ደመወዙ ያለ ሌላ ድርድር በራሱ ይመለስ። ቅነሳው እስካለ ድረስ የግዴታ ስንብት እንደማይኖርም በዚያው ውል ላይ ይጻፍ። ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሃድ ገዢውም ይገደድበት። ጡረታ ደግሞ በድሮው ደመወዝ ይታሰብ። ይህች የመጨረሻዋ ትረሳለች፤ ጡረታው በመጨረሻ ዓመታት ደመወዝ ለሚሰላለት ሰው ግን የሁለት ዓመት ቅነሳ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በጽሑፍ ያለውም ግን ዳኛ ፊት ሊወድቅ ይችላል። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ አብራሪዎች በኖቬምበር 2004 የ32.5 በመቶ ቅነሳ ተቀበሉ፤ ድርጅቱን ከኪሳራ ለማዳን ነበር። በሴፕቴምበር 2005 ዴልታ ኪሳራ አወጀ። በ2006 ተጨማሪ 14 በመቶ ሰጡ። የጡረታ ዕቅዳቸውም ተቋረጠ። ስለዚህ ሦስተኛው ዓይነት ሕመም ያለበት ድርጅት ውስጥ ከሆናችሁ ትልቅ ቅነሳ በአንዴ አትስጡ። ትንሽ በትንሽ፣ ለስድስት ወር ለስድስት ወር እየታደሰ ይሂድ።

ከቅነሳ በፊት የሚመጣ ቀላል አማራጭም አለ፦ ጭማሪውን ማዘግየት። ኑሮ በተወደደ ቁጥር የቆመ ደመወዝ የቀነሰ ደመወዝ ነው፤ ቢሆንም መነሻው ሳይነካ ይቆያል። ለሁለተኛው ዓይነት ሕመም ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

ሰዓት መቀነስና ያለ ክፍያ ፈቃድ

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ገደቡን ካወቃችሁ። የሰዓት ክፍያው ሳይነካ የሚሠራው ሰዓት ብቻ ይቀንሳል። ሥራው ሲመለስ ደመወዙም አብሮ ይመለሳል፤ ለመነሻው እንደገና መታገል የለም።

ለአብራሪዎች ደግሞ የተለየ ክርክር አለ። አንድ አየር መንገድ ትልልቅ አውሮፕላኖቹን አቆመ እንበል። የትልቁ አውሮፕላን ካፒቴን ረጅም ዘመን ያገለገለ ስለሆነ አይሰናበትም፤ ወደ ትንሹ አውሮፕላን ይወርዳል። እዚያ ያለው ካፒቴን ወደ ረዳት አብራሪ ወንበር ይገፋል። ረዳቱ ደግሞ ከበር ይወጣል። የተሰናበተው አንድ ሰው ነው፤ ሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ማሽን) ገብተው እንደ አዲስ የሚሠለጥኑት ግን ሁለት ናቸው። ገበያው ሲመለስ ሁሉም ወደ ላይ ስለሚወጡ ሥልጠናው ይደገማል። የወጣውም ቢመለስ በብዙ አገር ባለፉት 90 ቀናት ሦስት መነሣትና ሦስት ማረፍ ስለሌለው ወዲያው መንገደኛ ይዞ አይበርም። ሰዓት ቢቀንሱለትና እያበረረ ቢቆይ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ይህን ወጪ አስልታችሁ አቅርቡ። ከፋይናንስ ክፍሉ ይልቅ የበረራ ሥልጠና ክፍሉ ይረዳችኋል።

ገደቡ ጊዜ ነው። ያለ ክፍያ ፈቃድ ወራትን እንጂ ዓመታትን አያሻግርም። ካቴይ ፓሲፊክ በፌብሩዋሪ 2020 ለ27,000 ሠራተኞቹ የሦስት ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲወስዱ ጥሪ አቀረበ። በኦክቶበር 5,900 ሰው አሰናበተ፣ ካቴይ ድራገን የተባለውን እህት ድርጅቱን ዘጋ፣ ሆንግ ኮንግ ላሉት አብራሪዎችና የበረራ አስተናጋጆች ደግሞ ክፍያው የወረደበት አዲስ ውል አቀረበ። መመለሻ የሌለው ውል ነበር። ብዙዎቹ ፈረሙ፤ አማራጭ አልነበራቸውም። በ2023 መጨረሻ ግን ገበያው ሲሞቅ አብራሪ አጥሮት በረራ መሰረዝ ጀመረ። ለአስተዳደር የምታነቡት ምሳሌ ከፈለጋችሁ ይኸው።

በፈቃድ መውጣት

በአጭሩ፦ ከግዴታ ስንብት በፊት ሁልጊዜ ይሞከር። ሳውዝዌስት በ2020 ባቀረበው የፈቃድ መውጫና ረጅም ፈቃድ ወደ 17,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ገባበት፤ ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። ጡረታ የቀረበው፣ ንግድ ያሰበው፣ ልጅ የሚያሳድገው ሰው ሁልጊዜ አለ። ማንም ሳይገፋ ወጪው ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «መውጣት» እና «ረጅም ፈቃድ» ለየብቻ ይቅረቡ፤ የኋለኛው የመመለስ መብትና የአገልግሎት ዘመን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ለወጣት አብራሪ ወጥቶ ሌላ አየር መንገድ መግባት ማለት ከአገልግሎት ዘመን መዝገቡ ግርጌ መጀመር ነው። የስንብቱ ብር ሲታይ ያጓጓል፤ የጠፋው ተራ ግን በብር አይመለስም።

ደመወዝ ሰጥቶ አክሲዮን መቀበል

አልወደውም። በ1994 የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች፣ ቴክኒሻኖችና ሌሎች ሠራተኞች ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ትተው የድርጅቱን 55 በመቶ ባለቤትነት ወሰዱ። የበረራ አስተናጋጆቹ አንገባበትም አሉ። የዓለም ትልቁ የሠራተኞች ድርጅት ተብሎ ተወራለት። ነገር ግን አክሲዮኑ ለብዙዎቹ እስከ ጡረታ የታሰረ ነበር፤ ዋጋው በወጣበት ጊዜ እንኳ ሸጠው መገላገል አልቻሉም። በዲሴምበር 2002 ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አክሲዮኑ ዋጋ አጣ። በ2005 ጡረታቸውም ወደ መንግሥት መድን ተቋም ተላለፈ፤ የብዙዎቹ ተቀነሰ።

ችግሩ የተጋላጭነት መደራረብ ነው። ሥራውም፣ ጡረታውም፣ ቁጠባውም አንድ ድርጅት ላይ ከተንጠለጠለ አንድ መጥፎ ዓመት ሁሉንም ይወስዳል። ሌላ ምንም ካልቀረበላችሁና ከወሰዳችሁት፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ መሸጥ የሚቻል ይሁን። የቦርድ ወንበር ግን ውሰዱ። ለብቻውም ቢሆን መረጃ ያስገኛል።

ለየትኛው ሕመም የቱ

ድንገተኛውና ሁሉንም የመታው ከሆነ፦ ሰዓት መቀነስ፣ በፈቃድ መውጣት፣ ካስፈለገ ቀን የተቆረጠለት ቅነሳ። የመንግሥት ድጋፍ ካለ ከማለቂያ ቀኑ ጋር አያይዙት፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ድጎማ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2020 ሲያልቅ በማግስቱ አሜሪካን አየር መንገድ 19,000፣ ዩናይትድ 13,000 ሠራተኞችን ከሥራ አስቀርተዋል።

የተለመደው ውጣ ውረድ ከሆነ፦ ጭማሪውን አዘግዩ፣ ስምምነቱን አጭር አድርጉ። የአምስት ዓመት ውል በመጥፎ ዓመት መፈረም ደጉንም ዓመት በመጥፎው ዋጋ መሸጥ ነው። አንድ ዓመት ተኩል በቂ ነው፤ ያኔ ገበያው ሲሞቅ በትሩ ወደ እጃችሁ ይመለሳል።

ድርጅቱ ራሱ የታመመ ከሆነ ግን ከደመወዝ ይልቅ ለስንብት ክፍያ፣ ለጡረታ ገንዘብና ለተከማቸ የዓመት ፈቃድ ተደራደሩ። ገንዘቡ ከድርጅቱ ካዝና ወጥቶ በሌላ ስም ይቀመጥ። ድርጅቱ ሲዘጋ አበዳሪዎች ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ውስጥ የሠራተኛው ቦታ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ፊት አይደለም።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት

ማኅበሩ አንድ ቢሆንም አባላቱ አንድ ዓይነት ጥቅም የላቸውም። ስንብት ከመጣ የሚሄደው ወጣቱ ነው፤ ነባሩ አንድ ሳንቲም አይነካበትም። የደመወዝ ቅነሳ ከመጣ ደግሞ በብር ሲታሰብ ብዙውን የሚከፍለው ነባሩ ነው። ኮሚቴዎች ውስጥ የሚበዙት ነባሮች መሆናቸውን አትርሱ። በዝምታ ወደ ስንብት የሚያዘነብል ኮሚቴ አለ። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ የደመወዝ እርከን አንድ ገጽ ማዘጋጀት ነው፦ በዚህ አማራጭ ከወር ደመወዝህ ይህን ያህል ይጎድላል፣ በዚያኛው ከመዝገቡ ግርጌ ይህን ያህል ስም ይወጣል። አባሉ ራሱን በወረቀቱ ላይ ይፈልግና ይወስን። የውሉ ሙሉ ጽሑፍም ይሰጠው፤ ማጠቃለያ ብቻ አይበቃም።

አንድ ወረቀት ደግሞ ከአስተዳደሩ በኩል ይምጣ። በኤፕሪል 2003 የአሜሪካን አየር መንገድ ማኅበራት በዓመት ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመተው ድምፅ ሰጡ። ወዲያው አስተዳደሩ ለከፍተኛ ኃላፊዎቹ የማቆያ ቦነስ መድቦ እንደነበረና ጡረታቸውንም ከኪሳራ በሚከልል ልዩ ፈንድ ውስጥ አስቀምጦ እንደነበረ ታወቀ። ሠራተኛው ተቆጣ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዶን ካርቲ ኤፕሪል 24 ቀን ሥልጣን ለቀቀ። ማኅበራቱ ውሉን በከፊል አሻሻሉት እንጂ ቅነሳው ቀረላቸው ማለት አይደለም። ስለዚህ የኃላፊዎች ደመወዝ፣ ቦነስና ጡረታ ዝርዝር ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ተፈርሞ ይቅረብ። ካልቀረበ ቀኑ ይገፋ።